መሠዊያና ማደሪያ፦ ጌዴዎን በዖፍራ ካቆማቸው ሁለት ነገሮች የምንማረው

"መሠዊያ" የሚለው ቃል ዛሬ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መድረክ ላይ ብዙ ሸክም ተጭኖበታል። ሰባኪው ንስሐ የሚገቡትን "ወደ መሠዊያው ኑ" ይላል፤ በቤት የሚደረግ ጸሎት "የቤተሰብ መሠዊያ" ይባላል፤ አንዱ የጸሎት ቡድን "የፈረሰውን መሠዊያ እንጠግን" ብሎ ሲጾም፣ ሌላው "የአባቶቻችንን መሠዊያ እናፍርስ" እያለ ሌሊቱን በጸሎት ያነጋል። በአንዳንድ ቦታም አገልጋዩ የቆመበት መድረክ ራሱ "ይህ መሠዊያ" እየተባለ፣ ከዚያ የወጣ ዘይትና ውኃ የተለየ ኀይል እንዳለው ይነገራል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ አንደኛው መሥዋዕት የሚቀርብበት ስፍራ ሲሆን ሁለተኛው አምላክ ወይም ኀይል ያድርበታል ተብሎ የሚታመን ስፍራ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ይፈልጋል። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የሚያገለግል መጋቢ፣ የሚያገለግለው ሕዝብ በታቦት ስም በሚጠራ ደብር፣ በጠበል ምንጭና በአድባር ዛፍ መካከል የሚኖር ሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአማራ ክልል ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው ሰው ከመቶ 0.2 ገደማ ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ምድር ወደ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ሰው ከዘመድና ከጎረቤት፣ ከዓመት በዓልና ከማኅበር ተለይቶ ነው የሚመጣው። ከምን እንደ ወጣ በትክክል ካላስተማርነው፣ የተወውን ነገር በሌላ ስም በእኛው ቤት መልሶ ያገኘዋል።

ቃላቱ ምን ይላሉ?

መሠዊያ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። በአማርኛ "ሠዋ" ከሚለው ግስ ይወጣል፤ በግእዝ ምሥዋዕ ይባላል። የዕብራይስጡ "ሚዝቤአሕ" ዐረደ፣ ሠዋ ከሚል ግስ የመጣ ሲሆን የግእዙ "ዘብሐ" የዚሁ ግስ ዘመድ ነው። በአዲስ ኪዳን በብዛት የምናገኘው የግሪኩ "ቱሲያስቴሪዮን" ደግሞ መሥዋዕት ከሚለው ቃል የተገኘ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ መሠዊያ የሚታወቀው በሚደረግበት ነገር ነው። መሥዋዕት የማይቀርብበት መሠዊያ የተከመረ ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

ለሁለተኛው ስፍራ ግን አማርኛ አንድ ወጥ ቃል የለውም። እንደ አገባቡ ቤተ መቅደስ፣ ቤተ ጣዖት፣ አድባር ወይም የኮረብታ መስገጃ እንላለን። የትርጉም ሥራ የሚለማመዱ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሲቸገሩ አያለሁ፤ ብዙውን ጊዜም "መሠዊያ" ብለው ያልፉታል። በዚህ ጽሑፍ "ማደሪያ" እለዋለሁ። ማደሪያ የሚታወቀው በሚደረግበት ሳይሆን በውስጡ አለ በሚባለው ነው፤ ያ ነገር አምላክ፣ መንፈስ፣ ምስል፣ የቅዱስ ሰው ዐፅም ወይም ኀይል አለው የሚባል ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሰው ወደ መሠዊያ የሚሄደው ለመስጠት ነው። ወደ ማደሪያ የሚሄደው በዚያ ካለው ጋር ለመገናኘት፣ ብዙ ጊዜም ከእርሱ ለመቀበል ነው።

ሁለቱ በአንድ ግቢ ሊቆሙ ይችላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲሁ ነው። ልዩነታቸው የሚገባን ግን ለየብቻ ስናያቸው ነው። ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ሰው ሕይወትና በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለቱንም ያሳየናል።

አንድ ሰው፣ አንዲት ከተማ፣ ሁለት ነገር

ጌዴዎን ከምድያማውያን ተሸሽጎ ስንዴ ሲወቃ የእግዚአብሔር መልአክ ተገለጠለት። ያቀረበውን ሥጋና ቂጣ ከድንጋዩ የወጣ እሳት በላው። ጌዴዎንም በዖፍራ ለእግዚአብሔር መሠዊያ ሠርቶ በሰላም ስም ጠራው (መሳ. 6፥24)። በዚያችው ሌሊት የአባቱን የበኣል መሠዊያ እንዲያፈርስ፣ በአጠገቡ ያለውን የማምለኪያ ዐፀድ እንዲቆርጥ፣ ለእግዚአብሔርም ሌላ መሠዊያ ሠርቶ የአባቱን በሬ እንዲሠዋ ታዘዘ (6፥25–26)። ፈርቶ በሌሊት ቢያደርገውም አደረገው፤ በማግሥቱ የከተማው ሰዎች ሊገድሉት ፈለጉ።

ከድል በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሕዝቡ ንገሥልን ሲሉት እግዚአብሔር ይግዛችሁ ብሎ እምቢ አለ፤ ይህ መልካም መልስ ነበር። ወዲያው ግን ከምርኮው የጆሮ ጉትቻ እንዲሰጡት ለመነ። ክብደቱ 1,700 ሰቅል የሆነ ወርቅ ተሰበሰበ። በዚያም ኤፉድ አሠርቶ በገዛ ከተማው በዖፍራ አኖረው። እስራኤልም ሁሉ እርሱን ተከትሎ ሳተ፤ ለጌዴዎንና ለቤቱም ወጥመድ ሆነ (8፥24–27)።

ጌዴዎን ያቆመው የበኣልን ምስል አይደለም። ኤፉድ እግዚአብሔር ራሱ ለአሮን ያዘዘው የካህን ልብስ ነው (ዘፀ. 28)፤ ፈቃዱን ለመጠየቅም አገልግሏል። ጌዴዎን ይህን ከተሰጠበት አገልግሎት ለይቶ በራሱ ከተማ የሚታይና የሚጎበኝ ዕቃ አደረገው። በዖፍራ የነበረውን መሠዊያ ከዖፍራው ኤፉድ የሚለዩት ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ጀማሪው ነው። መሠዊያውን ያስጀመረው የእግዚአብሔር መገለጥና ትእዛዝ ነው፤ ኤፉዱን ያስጀመረው የጌዴዎን ልመና ነው። ዘፀአት 20፥24 ላይ እግዚአብሔር ስሙ የሚታሰብበትን ስፍራ የሚመርጠው ራሱ መሆኑን ይናገራል። አብርሃምም በሴኬም መሠዊያ የሠራው እግዚአብሔር ከተገለጠለት በኋላ ነው (ዘፍ. 12፥7)።

ሁለተኛው የነገሩ አቅጣጫ ነው። በመሠዊያው ላይ ጌዴዎን የአባቱን በሬ ሰጠ፣ ነፍሱንም ለአደጋ አጋለጠ። ኤፉዱ ግን ሕዝቡን ወደ ራሱ የሚስብ ነበር። ከመሠዊያው የተነሣ ሰው ወደ ተላከበት ሥራ ይሄዳል። ማደሪያው ግን ሰውን ደጋግሞ ወደ ራሱ ይጠራል።

ሦስተኛው ጠባቂው ነው። መሠዊያው የጌዴዎንን ቤት ለአደጋ ሲያጋልጥ፣ ኤፉዱ ያንኑ ቤት የእስራኤል ሁሉ መሰብሰቢያ አደረገው። ማደሪያ ሲኖር ጠባቂ ይኖራል፤ ጠባቂውም ከማደሪያው ይኖራል። ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ሚካ የሚባል ሰው በቤቱ የአማልክት ቤት ሠርቶ፣ አንድ ሌዋዊ በዓመት በ10 ብር፣ በልብስና በምግብ ቀጠረ። ሌዋዊ ካህን ስላገኘም እግዚአብሔር በጎ እንደሚያደርግለት እርግጠኛ ሆነ (መሳ. 17፥10–13)። የእግዚአብሔር ስም ከአፉ አልጠፋም። እግዚአብሔርን የሚያስበው ግን በቤቱ እንደያዘው ሀብት ነበር።

በጎጃም ምድር የምናየው

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በመጀመሪያ የምናገኘው አድባር ነው። ቃሉ በግእዝ "ደብር" የሚለው ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ ከምንላቸው ስሞች ጋር ሥሩ አንድ ነው። በአማርኛ አድባር የአገሩ ጠባቂ የሚባለው መንፈስና ያድርበታል የሚባለው ዛፍ ወይም ኮረብታ ስም ሆኗል። ነቢያት የኮረብታ መስገጃ ብለው የተቃወሙትን የሚያነብ የደጋ ሰው ትርጓሜ ብዙ አያስፈልገውም።

ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ፣ በብዙ መንደሮች ጎረቤት ከቤት ውጭ ይሰበሰባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። በአንዳንድ ስፍራም የዛፉ ግንድ ቅቤ ይቀባል፣ እንስሳም ይታረዳል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መምህራን ራሳቸው ለአድባር መሠዋትን ባዕድ አምልኮ ብለው እንደሚቃወሙ ማስታወስ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ያለው መሥዋዕት በራሱ የሚቆም አይደለም። ሰዎቹን የሰበሰባቸው በዛፉ ያድራል የተባለው ነው፤ እርዱም እርሱን ለማስደሰት ይደረጋል። መሠዊያው የማደሪያው አገልጋይ ሆኗል።

ሁለተኛው ምሳሌ በሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ነው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን ያየው በ1618 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦና በ1770 እ.ኤ.አ. የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በአካባቢው የሚኖረው የአገው ሕዝብ በምንጩ ዘንድ ከብት ይሠዋ እንደነበር ጽፈዋል። ዛሬ ስፍራው ከአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ጋር የተያያዘ የታወቀ ጠበል ነው። መሥዋዕቱ ቀርቷል፣ የሚጠራውም ስም ተለውጧል። ሰው ወደ ምንጩ የሚሄድበት ምክንያት ግን አሁንም በውኃው ውስጥ አለ ከሚባለው ኀይል ጋር የተያያዘ ነው።

ሦስተኛው መርጡለ ማርያም ነው። በትውፊቱ መሠረት ክርስትና ከመምጣቱ በፊት በስፍራው የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብ ነበር። በጣና ቂርቆስም እንዲሁ የመሥዋዕት ደም ይያዝባቸው ነበር የሚባሉ ጎድጎድ ያሉ ድንጋዮች ለጎብኚ ይታያሉ። መርጡል በግእዝ አዳራሽ ማለት ነው። ትውፊቱን እንዳለ ብንቀበለው፣ የስፍራው ታሪክና ስሙ አንድ ነገር ያስተምሩናል። መሥዋዕት ሲያቆም ድንጋዩና ቦታው ይቀራሉ፤ ቦታው ግን ከዚያ በኋላ በተደረገበት ሳይሆን በያዘው ይከበራል። መሠዊያ በዘመን ብዛት ማደሪያ ይሆናል።

ታቦትን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልገናል። በኦሪት ታቦቱ በቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ነበር፤ የሚቃጠል መሥዋዕት የሚቀርብበት መሠዊያ ደግሞ በውጭው አደባባይ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ነበሩ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ታቦቱ በመንበሩ ላይ ሆኖ ቅዱስ ቁርባን ይከብርበታል፤ በዚህ ሥራው መሠዊያ ነው። በጥምቀት ቀን ደግሞ ተሸፍኖ ሲወጣ ሕዝቡ በእልልታ ይሰግዳል፤ በዚህ ጊዜ የእግዚአብሔር ህላዌ ምልክት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ተዋሕደዋል። ይህን ያላወቀ ሰባኪ "ታቦት እንጨት ነው" ብሎ ሲናገር፣ አድማጩ የሚሰማው የእግዚአብሔር ማደሪያና የክርስቶስ ሥጋና ደም ሲሰደብ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰብከው ወንጌል አይሰማለትም።

ድንኳኑና መስቀሉ

እስካሁን ከተባለው መሠዊያ መልካም፣ ማደሪያ ክፉ ነው የሚል መደምደሚያ መውሰድ ስሕተት ነው። በኣልም መሠዊያ ነበረው። እግዚአብሔርም በመካከላቸው ያድር ዘንድ መቅደስ እንዲሠሩለት አዝዟል (ዘፀ. 25፥8)። በመገናኛው ድንኳን ሁለቱም ነበሩ፤ ከውጭ መሠዊያው፣ ከውስጥ ማደሪያው። ሊቀ ካህናቱም በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ደም አይገባም ነበር (ዘሌ. 16)። እስራኤል የሳተው ይህን ሥርዓት ሲቆርጥ ነው። በዔሊ ዘመን ልጆቹ በሴሎ መሥዋዕቱን ያቃልሉ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ታቦቱን ተሸክሞ ወደ ጦርነት ወጣ (1ሳሙ. 2–4)። መሠዊያውን ንቀው ማደሪያውን ለድል ፈለጉት፤ ተሸነፉም።

አዲስ ኪዳን ሁለቱንም መስመሮች ወደ አንድ አካል ያመጣቸዋል። የመሠዊያው መስመር በመስቀሉ ተፈጽሟል፤ ክርስቶስ አንድ ጊዜ ለዘላለም ራሱን አቀረበ (ዕብ. 10፥10–14)። የማደሪያው መስመርም በእርሱ ተፈጽሟል፤ ቃል ሥጋ ሆኖ በእኛ አደረ፣ መቅደስ ያለውም የገዛ ሰውነቱን ነበር (ዮሐ. 1፥14፤ 2፥21)። በእርሱም ምክንያት ምእመናን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ሆኑ (1ቆሮ. 3፥16)። ለሳምራዊቷ ሴት የተሰጠው መልስ ለገሪዛን ብቻ ሳይሆን ለኢየሩሳሌምም ነው (ዮሐ. 4፥21–24)።

ታዲያ ለእኛ የቀረ መሥዋዕት የለም ማለት ነው? ዕብራውያን 13 መሠዊያ አለን ካለ በኋላ፣ ክርስቶስ ከበር ውጭ መከራ እንደ ተቀበለ ያስታውሰናል። ከዚያ በእርሱ በኩል የምናቀርበውን ይዘረዝራል፤ ምስጋና፣ በጎ ማድረግና ለሌላው ማካፈል (13፥10–16)። ጳውሎስም ሰውነታችንን ሕያው መሥዋዕት አድርገን እንድናቀርብ ይለምነናል (ሮሜ 12፥1)። ይህ መሥዋዕት ኀጢአትን አያስተሰርይም፤ ለተሰረየልን ኀጢአት የምናቀርበው ምስጋና ነው። ቦታም አይወስነውም።

በእኛ ቤት

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሁለቱ ስንት ጊዜ እንደተደባለቁ ያሳያል። በ787 እ.ኤ.አ. የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲቀደሱ የሰማዕታት ዐፅም እንዲኖርባቸው ደነገገ። በዙሪክ በ1525 እ.ኤ.አ. ዝዊንግሊ መሠዊያውን ትቶ የጌታን እራት በእንጨት ጠረጴዛ ላይ አቀረበ፤ ሉተራውያን ደግሞ መሠዊያውን አስቀርተው የመሥዋዕቱን ትምህርት አረሙ። እኛ ዛሬ የምንጠቀምበት "ወደ መሠዊያው ኑ" የሚለው ጥሪ ከእነዚህ ከሁለቱም አልመጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ፣ ከሜቶዲስቶች የመስክ ጉባኤዎችና ከቻርልስ ፊኒ ስብሰባዎች የተስፋፋ ልማድ ነው። ሰውን ወደ ንስሐ መጥራት መልካም ነው፤ መድረኩ ግን መሠዊያ አይደለም፣ በላዩም የሚታረድ የለም።

ችግሩ የሚከፋው መድረኩ ከመሠዊያነት አልፎ ማደሪያ ሲሆን ነው። ሰው ዘይቱን ለመቀባት፣ ውኃውን ለመጠጣት፣ የአገልጋዩን ልብስ ለመንካት ከሩቅ ሲመጣ፣ ስጦታውም ለዚያ ዋጋ ሲሆን፣ የዖፍራው ኤፉድ በመካከላችን ቆሟል። አንዳንዶች የሐዋርያት ሥራ 19፥12ን ይጠቅሳሉ። ሉቃስ ግን ያንን ያልተለመደ ተአምር ይለዋል፤ ጳውሎስም ጨርቁን አላከፋፈለም፣ ማኅበርም አላቆመበትም። የነሐሱ እባብም እግዚአብሔር የፈወሰበት እውነተኛ ነገር ነበር፤ ሕዝቡ ሲያጥንለት ግን ሕዝቅያስ ሰባበረው (ዘኍ. 21፥8–9፤ 2ነገ. 18፥4)። በአንድ ዕቃ ፈውስ መገኘቱ ዕቃው ለዘላለም እንዲያዝ ፈቃድ አይሆንም።

ለመጋቢው የሚሆን ምክር

መጋቢ በጉባኤው ያለውን ማንኛውንም ልማድ በጌዴዎን ታሪክ ሊመዝን ይችላል። ይህን ያዘዘው ማን ነው? እዚህ የምንሰጠው ምንድን ነው? የምንፈልገውስ? ሰው ከዚህ ሲወጣ ወደ ጎረቤቱና ወደ ሥራው በእምነት ይሄዳል ወይስ ወደ ቦታው ለመመለስ ብቻ ይጓጓል? ከዚህ የሚጠቀመው ጠባቂ ማን ነው? ነገሩ ነገ ቢወሰድብን ክርስቶስ ይበቃናል?

ሁለተኛ፣ የሌላውን አድባር የመቁረጥ ወይም ታቦቱን የመሳደብ ሥልጣን የለንም። ጌዴዎን ያፈረሰው የገዛ አባቱን ቤት መሠዊያ ነው፤ ያም በቀጥታ ታዝዞ። ጳውሎስ በኤፌሶን ሁለት ዓመት ሲያስተምር ብር ሠሪዎቹ የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ምስል ገበያ ቀነሰባቸው፤ የከተማው ጸሐፊ ግን እነዚህ ሰዎች ቤተ መቅደስ አልዘረፉም፣ አምላካችንንም አልተሳደቡም ብሎ መሰከረ (ሐዋ. 19፥37)። የእኛም ጎረቤቶች እንዲህ ሊመሰክሩልን ይገባል።

ሦስተኛ፣ አዲሱ አማኝ የተወውን ባዶ ቦታ እንሙላ። ግንቦት 1 ቀን ከዛፉ ሥር የቀረ ሰው ከመንፈሱ ጋር ጎረቤቱንም፣ የሽማግሌ ምርቃትንም፣ አብሮ መብላትንም ያጣል። አድባሩን ተው ብለን ብቻ ከሸኘነው፣ ብቸኝነቱ ወደ ቀደመው ይመልሰዋል፤ አለዚያም ኀይል አለኝ ወደሚል መድረክ ይነዳዋል። ለዝናቡና ለአዝመራው እግዚአብሔርን የሚያመሰግንበት፣ እንጀራውን ከድኻው ጋር የሚቆርስበት፣ ልጆቹን በጌታ ስም የሚመርቅበት ማኅበር ያስፈልገዋል። ዕብራውያን 13 እግዚአብሔርን ደስ ያሰኘዋል የሚለው መሥዋዕት ይኸው ነው። በአንዲት ትንሽ የሣር ቤት ጉባኤ ውስጥም ሊቀርብ ይችላል፤ ዘይት የሚሸጥለትም ሆነ ደጅ የሚጠብቅለት ሰው አያስፈልገውም።